መልክ ሌላ፣ ስለት ሌላ

በእጅ የተሠሩ ቢላዋዎች በሚሸጡበት ገበያ «የደማስቆ ብረት» የሚለውን ስም ያህል ዋጋ የሚያስወድድ ቃል ጥቂት ነው። ገላቸው ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ሥዕል የሚታይባቸው እነዚህ ቢላዋዎች ከሌላው ይልቅ ስል እንደሆኑና ቶሎ እንደማይዶለዱሙ ይነገርላቸዋል። ስለ ውበታቸው የሚባለው እውነት ነው፤ ስለ ስለታቸው የሚባለው ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ስሙ የሚያስታውሰው ጥንታዊ ሰይፍ በእርግጥም ዝናው የሚገባው ነበር። ብረቱ በደቡብ ሕንድ፣ በስሪላንካና በመካከለኛው እስያ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ይወጣ የነበረ፣ ካርቦን የበዛበት አረብ ብረት ነው። ፈላስፋው አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሰይፎች በጻፈው ድርሳን ዓይነታቸውን በየመገኛቸውና በየአሠራራቸው ለይቷል። የዚያ ብረት ሥዕል ከውስጥ የሚወለድ ነበር፤ ብረትና ካርቦን የተዋሐዱባቸው ጠንካራ ቅንጣቶች በመስመር ሲሰለፉ የሚታይ ነው። ተራው ብረት ቆሻሻ የበዛበትና ጥራቱ ያልተስተካከለ በነበረበት ዘመን፣ እንዲህ ያለው ብረት ብልጫ ቢኖረው አያስደንቅም።

ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ባለሙያው ሁለት ዓይነት አረብ ብረት ደራርቦ በእሳት ያግልና በመዶሻ ያጣብቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበት ነው። 10 የነበረው ንብርብር 5 ጊዜ ሲታጠፍ 320 ይሆናል። የተጠናቀቀው ቢላዋ አሲድ ውስጥ ሲነከር ኒኬል ያለበት ንብርብር ብሩህ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ይጠቁራል። ሥዕሉ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ብረት አድናቂዎች ጠንካራውና ለስላሳው ንብርብር እየተፈራረቁ እንደ ጥቃቅን መጋዝ ይቆርጣሉ ይላሉ። ይሁን እንጂ ንብርብሮቹ ስስ በመሆናቸው፣ በማጣበቂያው ከባድ ሙቀት ካርቦኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይመጣጠናል። ኒኬሉ ግን ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ ዓይን የሚያየው የኒኬል ልዩነት እንጂ ያን ያህል የጥንካሬ ልዩነት አይደለም። በብዙ ቢላዋዎች ደግሞ ባለ ሥዕሉ ብረት የግራና የቀኝ ልባስ ብቻ ነው፤ የሚቆርጠው በመካከል የገባው ወጥ ብረት ነው። ከዚህም በላይ ንብርብር በበዛ ቁጥር መጋጠሚያ ይበዛል፤ በደንብ ያልተጣበቀ መጋጠሚያም የስንጥቅ መነሻ ነው።

ስለትን የሚወስኑት የብረቱ ዓይነት፣ የእሳቱ አያያዝና የጠርዙ አሳሳል ናቸው። በተገቢው ሙቀት ግሎ በዘይት ያልጠነከረ፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ያልለዘበ ቢላዋ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር ጠርዙ ወይ ይታጠፋል ወይ ይሸረፋል። ለዒድ አል-አድሓ እርድ ቢላዋ የሚገዛ ሰውም ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ሸሪዓው የሚያዘው እንስሳው እንዳይሠቃይ ስለቱ እንዲሳል ነው፤ ገላው እንዲያሸበርቅ አይደለም።

ይህ ማለት ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብረትን ሳይሰነጥቁ አጣብቆ፣ ጠምዝዞና አጥፎ እንዲህ ያለ መልክ ማውጣት ከፍተኛ ሙያ ይጠይቃል፤ ለሙያም ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው። ጥፋቱ ውበት በስለት ስም ሲሸጥ ነው። በተራ ብረት ላይ በአሲድ ወይም በሌዘር ሥዕል አትሞ ማቅረብ ደግሞ ግልጽ ማጭበርበር ነው።

ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጠርዙ ከምን ብረት እንደተሠራና እንዴት እንደጠነከረ ይጠይቅ። ንብርብሩ በቢላዋው ጀርባ በኩልም መታየቱን አገላብጦ ይመልከት። ሐቀኛ ሠሪ ለዚህ መልስ አያጣም። ሻጩም መልኩን በመልክነቱ፣ ስለቱን በስለትነቱ ይሽጥ፤ ያን ጊዜ ጥበቡም ይከበራል፣ ገዢውም የከፈለበትን ያገኛል።