የተጫዋቹ ስም ሲነሣ የደራሲውስ?





ባለፈው የበዓል ሰሞን እዚህ ሐዋሳ በአንድ አዳራሽ ዘፈንና ቀልድ የተቀላቀለበት ጨዋታ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋራ አየሁ። ስንስቅ አመሸን፤ ተጫዋቾቹም አልሰነፉም። ዳሩ ግን የጨዋታው ዋና ክፍል ከአቶ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» የተወሰደ ሆኖ ሳለ፣ አስተዋዋቂው የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠርቶ የደራሲውን ሳያነሣ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ «ይህን የደረሰው ማነው?» ብሎ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔም ዝም ብዬ በወጣሁ ነበር።

ነገሩ የአንድ ምሽት ብቻ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መድረካችን ቴአትርንና ዘፈንን አዋዶ ኖሯል። አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ በዚያ ቤት ቴአትርም፣ ግጥምም፣ ዜማም ደርሰዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ዘፈኑን የሚያውቀው በዘፋኙ ስም ነው።

የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በአዲስ አበባ በተከፈተበት በ1948 ዓ.ም. በኒው ዮርክ «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለው ባለዘፈን ኮሜዲ ለሕዝብ ቀረበ። ግጥሙ የአላን ጄይ ለርነር፣ ዜማው የፍሬደሪክ ሎው መሆኑ ተነገረ። ታሪኩ የተወሰደበት ቴአትር ደራሲ በርናርድ ሾውም ከሞተ አምስት ዓመት ቢያልፈውም ስሙ ከማስታወቂያው አልቀረም።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል፤ ከሥራው የሚገኘውንም ጥቅም ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። አቶ መንግሥቱ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ስለሆነ ዘመኑ ገና አልተፈጸመም።

«ተመልካች የሚመጣው ሊስቅ ነው፤ ስም ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ የቢሮ ሰዎች ግን ፊርማና ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አንቀበልም፤ ታዲያ ባለቤቱ ያልታወቀ ድርሰት ስለምን እንቀበላለን?

ስለዚህ የከተማችን አዳራሾች ኃላፊዎች ቴአትሩን የደረሰውን፣ ግጥሙን የገጠመውንና ዜማውን ያወጣውን ሰው ስም በማስታወቂያው ላይ እንዲያጽፉ፣ ከመድረክም እንዲያስነግሩ አሳስባለሁ። ገንዘብ አያስወጣም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከመቃብር በላይ ውሏል፤ ስማቸውን ግን እኛው እየቀበርነው ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሐዋሳ