«ዘር ከልጓም ይስባል» ለሚሉን

ከአዘዞ እስከ ደባርቅ፣ የማደጎ ልጅ ባጠፋ ቁጥር ከጎረቤት አፍ የምትወጣ ፍርድ አለች፤ «ምን ታድርጊው እቴ፣ ዘር ከልጓም ይስባል»። የወለዱት ልጅ ሲሰርቅ «ልጅነት ነው» ይባላል። ያሳደጉት ሲሰርቅ ግን አባቱ፣ አያቱ፣ የማይታወቀው ቅድመ አያቱ ሳይቀር ከመቃብር ተጠርተው ይከሰሳሉ። ይህቺ ተረት ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ሆና ኖራለች። «ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን አለኝ ዳባ ዳባ» የምትለው እኅቷ ስትጨመርማ ልጁ ይግባኝ የሚልበት ደጅ ጭራሽ ይዘጋል። የነገሥታት መናገሻ በነበረች ከተማ ዘር መቁጠር ቢለመድ አይደንቅም ይባል ይሆናል። ግን እነዚያው ነገሥታት የገዛ ወንድሞቻቸውን ወኅኒ አምባ ላይ ሲያስሩ ዘራቸው ከእስራት አላዳናቸውም።

ለመሆኑ ያንን ልጅ የሚስበው ምንድን ነው? እስቲ አንዱን እናስብ። ስም አንስጠው፤ ብዙ ነውና። እናቱ ከገጠር ወደ ከተማ ወርዳ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ የምታድር ሴት ናት። ከመቅዳቷ በፊት ትቀምሳለች፤ ደንበኛው «ጠጪልኝ» ይላታል፤ እህል ባጣች ቀን ጠላው ምሳዋም እራቷም ነው። መፀነሷን ያወቀችው በሦስተኛው ወር ነው። ልጁ ዓመት ሳይሞላው በሞት ወይም በችጋር ይለያያሉ። ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ አክስቱ፣ ከአክስቱ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ይዞራል። በአራት ዓመቱ ደግ ባልና ሚስት «ልጃችን» ብለው ይወስዱታል። አምስተኛው እጅ መሆኑ ነው።

እዚያ ቤት መሶቡ ሞልቶ እያለ እንጀራ ትራሱ ሥር ይደብቃል። የማያውቀውን እንግዳ ዘሎ ያቅፋል፤ አሳዳጊ እናቱ ስታቅፈው ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። ወድቆ ሲደማ አያለቅስም። ትናንት የተገረፈበትን ዛሬ ይደግመዋል። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ማንም የማያምነውን ውሸት ይፈጥራል። ይገረፋል፤ በርበሬ ይታጠናል፤ ይደግመዋል። ያን ጊዜ ተረቷ ትመጣለች።

በማኅፀን ያለ ሕፃን ግን እናቱ የጠጣችውን ይጠጣል። አልኮሉ በእትብቱ አልፎ ገና በመሠራት ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሌሟን እ.ኤ.አ. በ1968፣ አሜሪካውያኑ ጆንስና ስሚዝ በ1973 ጽፈውታል፤ እስከ ዛሬም ለእርጉዝ አይጎዳም የተባለ መጠን አልተገኘም። «ጠላ ምግብ ነው፣ ቅራሪማ ውሃ ነው» ባይን ሁሉ ይህ ይመለከተዋል። ስለ ዳግም አረቄ መናገርስ ምን ያስፈልጋል? የብዙዎቹ ልጆች ፊት ላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ አንደበታቸውም ሊቀና ይችላል። ጉዳቱ ያለው ማስታወስ፣ ነገርን ከመዘዙ ጋር ማያያዝና ራስን መግታት ላይ ነው። ስለዚህ ዱላው ሕመሙን ይተውለታል እንጂ ትምህርቱን አይተውለትም። እናቲቱንም አንኮንን፤ ጠላ ከመጥመቅ ሌላ ምን እንጀራ ሰጥተናት ነበር?

እጅ መለዋወጡስ? እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ዘገባ፣ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ከአንድ የማይለወጥ ሰው ጋር ካልተጣበቀ የሚደርስበትን ተናግሯል። ያላመነ ሩማንያን ይመልከት። የቻውሼስኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ በማሳደጊያዎቹ የተገኙት ሕፃናት ዓለምን አስደነገጡ። ከ2000 ወዲህ ቡካሬስት ውስጥ በተደረገ ጥናት ደግሞ ከማሳደጊያ የመጡ ሕፃናት በዕጣ ተለይተው፣ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሲገቡ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ቤተሰብ የገቡት፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ ሰው መልመድ ቻሉ። ዕጣ ዘር አይመርጥም። እንግዲህ «ይስባል» የምትሉት ዘር እዚያ የት ነበር?

ከተረቷ ባልተናነሰ የሚያስቆጣኝ ሌላ አባባል አለ፤ «ፍቅር ከሰጡት ይስተካከላል» የሚለው። የተጎዳ አንጎል በመሳም አይድንም። ይህን ያልተነገራት እናት ሦስት ዓመት ፍቅር ሰጥታ ልጁ ባይለወጥ ወይ ራሷን ትረግማለች ወይ ልጁን «ውለታ ቢስ» ትላለች። ባሕር ማዶም ገንዘብና ጸሎት የሞላበት ቤት መፍትሔ አልሆነም። ሐና ዊሊያምስ የተባለችውን ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በማደጎ የወሰዷት ባልና ሚስት «ሥርዓት ሊያስይዟት» በዱላ፣ በረሃብና በብርድ ሲቀጧት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ደጅ ላይ ሞተች፤ በ2013 ተፈረደባቸው። የኛም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። መልካም። ግን ልጁ እዚህ ሲቀር ለአሳዳጊው ከፍርድ ቤት ወረቀት ሌላ ምን ተሰጠው?

የጥንቶቹ ከዚህ ይሻሉ ነበር። የጡት ልጅ ሲደረግ ማር የተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት አጥብተው፣ በምስክር ፊት ያስሩት ነበር። ተረቷን የፈጠረው አገር ደምን የሚሽር ማር ሠርቶም ነበር ማለት ነው! ለምን ተረቷን ይዘን ማሩን ጣልነው?

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማውያን ሰዎች ከተጨፈጨፉ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በሌላ ጦርነት ከታመሰ ወዲህ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ልጅ አልጎደለብንም። እንግዲያስ ማደጎ የሚያስፈርመው ቢሮ ልጁ በስንት እጅ እንዳለፈ፣ እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር የሚያውቀውን ሁሉ ለአሳዳጊ ይንገር፤ ካስፈረመም በኋላ ደጃፉን ይርገጥ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ለገጠር የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረው የጎንደሩ ተቋም የዚህን ልጅ ነገር ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስተምር። ሠራተኛዋም እርጉዟን «ምን በላሽ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ጠጣሽ?» ትበላት።

አሳዳጊዎችም ትእዛዙን አንድ በአንድ፣ በአጭሩ፣ በየቀኑ ይንገሩት። ትራሱ ሥር ለሚደብቀው እንጀራ ከመግረፍ፣ እጁ የሚደርስበት ቦታ ዳቦ ያኑሩለት፤ ማታ ማታ መኖሩን አይቶ ይተኛ። «ለጥቂት ጊዜ ይረፍልሽ» ተብሎ ወደ ዘመድ አይላክ፤ ለእሱ ስድስተኛ እጅ ነው። ጎረቤትም ስለ አያቱ ዘር መጠየቁን ትቶ፣ እናቲቱ አንድ ሰዓት ጋደም እንድትል እዚያው እሷ ቤት መጥቶ ቡናውን ያፍላላት።