ሶልደር ያልነካው መሐንዲስ

በተማሪው መካከል አንድ አባባል እየተለመደ መጥቷል፤ ይኸውም «ኪት መገጣጠም የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ነው። ከውጭ አገር የመጣ ካርቶን ከፍቶ፣ መመሪያውን እያዩ ዕቃውን በየቀዳዳው መሰካት ለነገው መሐንዲስ አይመጥንም ይሉናል። እኔ ግን እላለሁ፦ ለመሐንዲስ የማይመጥነው ኪቱ ሳይሆን ይህ ትዕቢት ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ዕቃ ልወስነው። ዕቃው የሸክላ ማጫወቻ ፕሪአምፕሊፋየር፣ ማለት ቅድመ ማጉያ ነው። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስቀመጡት ሸክላ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ይገኛል፤ የዛሬው ማጉያ ግን ብዙውን ጊዜ የሸክላ መግቢያ የለውም። በመካከላቸው የሚገባውን ይህን ትንሽ ዕቃ አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በጥቂት ምሽት ገጣጥሞ ሊጨርሰው ይችላል።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? መርፌው የሸክላውን መስመር ተከትሎ ሲሄድ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ በተለመደው ባለ ተንቀሳቃሽ ማግኔት ዐይነት 5 ሚሊቮልት ያህል ቢሆን ነው። ማጉያው ግን ግማሽ ቮልት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቅድመ ማጉያው በ1,000 ኸርዝ ላይ 100 ጊዜ ያህል ማጉላት አለበት። በዚህም አያበቃም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ሰፊ መስመር እየጠየቀ ሸክላውን ይጨርሰዋል፤ ቀጭኑም በመርፌው ፍትጊያ ይዋጣል። ቅድመ ማጉያው ይህን መልሶ ያቃናል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የታወቀው አር.አይ.ኤ.ኤ. የተባለው ደንብ ሦስት የጊዜ ልክ አለው፤ 3,180፣ 318 እና 75 ማይክሮሴኮንድ። ሦስቱንም የሚወስኑት በአንድ መዳፍ የሚያዙ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው።

ይህን ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል። እስቲ ያው ተማሪ ኪቱን ገጣጥሞ መብራት ይስጠው። ከዘፈኑ በፊት የሚሰማው የማያቋርጥ እምምታ ነው። ከየት መጣ? መልሱ በዚያው በሚያውቀው ሒሳብ ውስጥ ነበር። ደንቡ 50 ኸርዝን ከ1,000 ኸርዝ ይልቅ 7 እጥፍ ያህል ያጎላል፤ 100 በ7 ሲባዛ 700 ይሆናል። የአገራችን መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። እንግዲህ በትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለፈች አንዲት ሽቦ፣ ወይም በሁለት ቦታ የታሰረ ግራውንድ፣ 700 ጊዜ ጎልታ ትጮኻለች። ትራንስፎርመሩን ሲያርቀውና ግራውንዱን ሁሉ በአንድ ነጥብ ሲሰበስበው እምምታው ይሞታል። በዚያች ሌሊት ቀመሩ ከደብተር ወጥቶ ወደ ጆሮው ገባ ማለት ነው። ይህን ነው የልጆች ጨዋታ የሚሉት!

የሚቃወሙን ሦስት ክርክር ያቀርባሉ። አንደኛው፣ «ዕቃው የውጭ ነው፤ መገጣጠም ፈጠራ አይደለም» የሚል ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ሸክላዎቹም የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር። ታዲያ በዚህ ምክንያት ሙዚቃው የእኛ አይደለም ያለ ማን ነው? ሔዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ኪት ሲሸጥ፣ የሸጠው ኦሲሎስኮፕ ከጦርነቱ በተረፉ ዕቃዎች የተዘጋጀ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ያላፈሩበትን መሰላል እኛ ምን ቆርጦን እንንቀዋለን?

ሁለተኛው፣ «ተሠርቶ የተጠናቀቀው ይረክሳል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን የተጠናቀቀውን የገዛ ሰው የሚያገኘው ዘፈን ብቻ ነው። ኪት የገዛው ግን የሬዚስተርን ቀለም ማንበብን፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ተገልብጦ ቢገባ እንደሚፈነዳ፣ አይሲውን ከመሰካት በፊት ቮልቱን መለካትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብልሽትን በሥርዐት መፈለግን ያገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረትም ከቀለጠ ሶልደር ፊት ቁጭ ብሎ ይማረዋል።

ሦስተኛው ክርክር በግልጽ አይነገርም እንጂ የሁሉም ሥር እርሱ ነው፤ በእጅ መሥራት ያሳፍራል የሚል ነው። ይህ ከየትም አልመጣም፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ሲያዋርድ የኖረው የድሮ ንቀት ዛሬ ጋዋን ለብሶ መምጣቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ባለ ዲግሪው ባለ እጅን የሚንቅ ከሆነ ምን ተማርን ያሰኛል?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በሻሸመኔ ጎዳና ዳር በጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግነውን ሰው ተመልከቱት። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን አላገኘም፤ ዕቃውም ከሌላ የሞተ ማጉያ የተነቀለ ነው። እንዲያም ሆኖ የሞተውን ያናግረዋል። እርሱ የእኛን ቀመር ቢያገኝ፣ እኛም የእርሱን እጅ ብናገኝ ምን ያህል መንገድ በሄድን ነበር! አሁን ግን በሩ አጠገብ እናልፋለን፤ ስልካችን ሲሰበር ብቻ «ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልኝ» እንላለን።

ነገሩ የሸክላ ዘፈን ብቻ አይደለም። ከአዳማ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ መብራት ይሰጣል። ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተመረቁት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች 136 ተርባይን አላቸው፤ በአንድነት 204 ሜጋዋት ነው። የመቆጣጠሪያ ካርዱ የተበላሸ ዕለት ከፍቶ፣ ለክቶ፣ በሽታውን የሚያገኘው ማን ነው? የአንድ ትንሽ ቅድመ ማጉያ እምምታ ያላሸነፈ ተማሪ ነገ ያንን ያሸንፋልን? ወይስ ባለሙያ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ?

ወገኖቼ፣ ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። ተማሪው እያዋጣ ማኅበሩ 10 ኪቶች በአንድነት ይግዛ፤ በጋራ ሲገዛ ማጓጓዣው ይከፋፈላልና። ቤተ ሙከራው በሳምንት ሁለት ምሽት ለማኅበሩ ይከፈት፤ የ220 ቮልት ነገር ስለሆነም ኀላፊ ሰው ይቀመጥበት። ከከተማው ሬዲዮ ጠጋኞች አንዱ በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ይጠራ፤ የሚገባውም ይከፈለው።

ይህን የሚቃወም ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ሬዚስተር በእጁ ይዞ በደንብ ሶልደር ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።