ማኅተም ያለው፣ ድምፅ የሌለው ማስታወቂያ!

ዓይኑን ያመመው ሰው ከየአገሩ ተነሥቶ የካ ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይታከማል፤ አልሆን ሲለው እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጣል። ሁለቱም ብርሃኑን ያልመለሱለትስ? እሱም እኮ ሥራ ይፈልጋል፣ የልጁን የፈተና ውጤት ማወቅ ይሻል!

ዛሬ ኮምፒዩተሩም ስልኩም ጽሑፍን በድምፅ ያነባሉ። ኤንቪዲኤ የተባለው አንባቢ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አማርኛ የሚያነብ ድምፅም አለ። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? መሥሪያ ቤቶቻችን ላይ ነዋ! ብዙ ጊዜ ማስታወቂያውን በወረቀት ያትሙታል፣ ማኅተም ይመቱበታል፣ ከዚያ ፎቶ አንሥተው ድረ ገጽ ላይ ይለጥፉታል። ፕሮግራሙ ፊደል ሲፈልግ ሥዕል ያገኛል፤ ዝም ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከ ዛሬ ፎቶ መለጠፍ ምን ይሉታል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624/2001፣ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት በር ይኑር ብሎ ነበር። ለመሆኑ ድረ ገጽ የመሥሪያ ቤት በር አይደለም እንዴ? ወይስ አዋጁ ላም አለኝ በሰማይ ነው?

የምንጠይቀው ሚሊዮን ብር አይደለም። ማስታወቂያውን የተየበው ሰው ፋይሉ እጁ ላይ ነው፤ ከፎቶው ሥር ጽሑፉንም ይለጥፍ! ሥዕሉ መግለጫ፣ የሚነካው ምልክት ሁሉ ስም ይኑረው። ድረ ገጽ የሚያሠራ ባለሥልጣንም ሥራውን ከመረከቡ በፊት ዓይነ ስውር ዜጋ ጠርቶ ያስሞክር። በር ዘግቶ «ግቡ» ማለት ፌዝ ነው!