ፏፏቴው ቢቀጥንም መንገዱ አለ

በመጋቢት ወር ጢስ ዓባይን ለማየት ከአዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ልጆቹ በፎቶ ያዩት ገደሉን ሞልቶ የሚጨስ ውኃ ነው። የሚያገኙት ጥቁር ዐለትና በአንድ ጥጉ የሚወርድ ቀጭን ጅረት። አባት አስጎብኚውን ይቆጣል፣ አስጎብኚው “ክረምት ብትመጡ ኖሮ” ይላል፣ ሁለት ፎቶ ይነሣና ሁሉም ወደ መኪናው ይመለሳል። “ገንዘባችንን ተበላን” እየተባለ ወደ ከተማ ይገባል።

ውኃው የት እንደሄደ ሚስጥር አይደለም። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመረ፤ ወንዙ ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ይገባል። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ቆመ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በሌላ አቅጣጫ መውሰድ ጀመረ። መብራት ያስፈልጋል፣ በዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ የክረምትን ፎቶ ሰቅሎ በበጋ ትኬት መሸጡ ላይ ነው። ይህ በገበያ ቋንቋ ማታለል ይባላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ያ ቤተሰብ የቀኑን ምርጥ ነገር ሳያየው ረግጦት ማለፉ ነው። እሱም መንገዱ ነው።

ከጢስ ዓባይ ከተማ ወጥቶ ቁልቁል ሲኬድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ ይገኛል። ዓባይ ከሥሩ በጠባብ ገደል ተጨምቆ ያልፋል። ገበያተኛው እስከ ዘመናችን ድረስ አህያውን እየነዳ ሲሻገርበት ኖሯል። ከማዶ ትንሽ ዳገት አለ፤ ከዚያ መንገዱ በማሳና በመንደር መካከል ያልፍና ተንጠልጣዩን ድልድይ ያሻግራል፤ ከፏፏቴው ራስጌ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማው ይመልሳል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጉልበቷ ደኅና የሆነ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ትጨርሰዋለች። ደግሞም ልብ በሉ፦ ፏፏቴው የሚቀጥንበት በጋ ለእግር መንገዱ ምርጡ ጊዜ ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ወንዙም ረግቷል።

ታዲያ ለምንድን ነው የሌለውን ውኃ የምንሸጠው? ያለውን መንገድስ ለምን እንደ ጣጣ እንቆጥረዋለን?

ዘጌም ያው ነው። ጎብኚው ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ይወርዳል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በጥድፊያ ይወጣል፣ ሥዕሎቹን ያያል፣ ጀልባው እንዳያመልጠው ሮጦ ይመለሳል። ያለፈበት ጫካ ምን እንደሆነ የነገረው የለም። በአገሩ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል። ያ ጫካ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ቃል ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይዘረጋሉ፣ ቡናው ከሥር ያድጋል፣ ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ በዛፎቹ መካከል ሐይቁ ብቅ ጥልቅ ይላል። ከዑራ ተነሥቶ በዚያ ጥላ ሥር እስከ አፋፍ ገበያ ለመሄድ ጤነኛ እግር ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ሥርዓታቸው ነው፣ ይከበር። ሚስት ግን ባሏ እስኪመለስ ጀልባ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የዘጌ ጫካ መንገድ ወንድ ሴት፣ ክርስቲያን እስላም አይልም።

“የገጠር ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ይሄዳል፤ ለመዝናናት መሄድ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው” የሚሉ አሉ። የዘጌን ኑሮ ይጠይቁ። እርሻ የሌለው ሰው ቡናው ሲያንስበት ወይም ዋጋው ሲወድቅበት ምን ይሸጣል? እንጨት። በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር የሚደርሰው ማገዶ ከየት ይመጣል? ሮጦ የሚመለስ ጎብኚ ለመንደሩ የሚተወው የአንድ ቅርጫት ዋጋ ነው። ሦስት ሰዓት የሚሄድ ሰው ግን ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ይርበዋል። ከጓሮ የተለቀመ ቡና ተቆልቶ ይፈላለታል፣ እንጀራ ይቀርብለታል፣ መንገድ ላሳየው ወጣት ይከፍላል። ያን ጊዜ የቆመ ዛፍ ከተቆረጠ ዛፍ ይበልጣል። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ምዝገባ ግን ምሣር አያስቆምም፤ ምሣር የሚያስቆም ገቢ ነው።

“ልማት አስፋልት ነው” ለሚሉም መልስ አለ። ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት የምትደርስበት መኪና ያስፈልጋታል፤ ለእሱ እስከ መንደሩ የሚያደርስ መንገድ ይሠራ። በጫካው ውስጥ ግን መኪና የሚነዳበት ምክንያት የለም። እግር ያቆየውን ጎማ እንዳያጠፋው።

በእርግጥ ዛሬ ስለ ሽርሽር ማውራት የሚያስተዛዝብ ይመስላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ከውጊያ ጋር የጎብኚ እግር ተመናምኗል፤ ጀልባ ነጂውም አስጎብኚውም ቡና አፍዪዋም ተጎድተዋል። ሰላም ከሁሉ ይቅደም። ነገር ግን ሰላም ሲመለስ የድሮው ጥድፊያ አብሮ እንዳይመለስ ዛሬ መታሰብ አለበት።

የሚጠየቀው ሪዞርት አይደለም፣ ቢሊዮን ብርም አይደለም። ርቀቱንና የሚፈጀውን ሰዓት የሚናገር ምልክት ይተከል። ጭቃው በሚበረታበት ድንጋይ ይነጠፍ። ለደከመው መቀመጫ ይኑር። የመንገድ መሪና የጀልባ ዋጋ ተጽፎ በግልጽ ይለጠፍ፣ ጭቅጭቅ ይቅር። ከትኬቱ ገቢ ድርሻ ተቆርጦ መንገዱን ለሚጠብቁት መንደሮች ይሰጥ። በበጋ ለሚመጣው ሰው “ፏፏቴው ቀጥኗል፣ መንገዱ ግን አምሯል” ብሎ እውነቱን መናገር ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

የከተማው ሰውም ከወቀሳ አያመልጥም። ቅዳሜና እሑድን በሆቴል በረንዳ ተቀምጦ ስልክ እያየ ያሳልፍና ልጆቹ ዋንዛን ከብርብራ አለመለየታቸው ያስገርመዋል። ማን አሳያቸው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለ ሕዝብ ልጅ፣ እግር እያለው ከመኪና አልወርድ አለ።

የማይስማማ ካለ ይሞግት። ብቻ መጀመሪያ ከአላታ ድልድይ ማዶ ድረስ በእግሩ ደርሶ ይምጣ።