ለኤምቢኤ ከመፈረማችሁ በፊት

አሜሪካ ሆናችሁ በዚህ ሰሞን ለኦንላይን ኤምቢኤ ልትፈርሙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስንት ክሬዲት እንደሚያዝላችሁ በጽሑፍ ሳታገኙ አንድ ዶላር እንዳትከፍሉ።

«የተማርከው በሙሉ ይያዝልሃል፤ የሥራ ልምድህም ይቆጠራል» ብሎ የሚደውል ሰው አለ። ሌሊት ሠርቶ፣ ጠዋት ልጅ አድርሶ፣ አገር ቤት ገንዘብ ልኮ በተረፈችው ለሚማር ሰው ይህ ልብ የሚያሞቅ ቃል ነው። ደዋዩ ግን ሥራው መመዝገብ ነው። ክሬዲቱን የሚይዘውም የሚጥለውም የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በስልክ የተባለውን እዚያ የሚያውቅላችሁ የለም።

በማስተርስ ደረጃ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው። ኤምቢኤ እንደየትምህርት ቤቱ ከ30 እስከ 60 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የሚቀበሉት ግን ከ6 እስከ 12 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቢ እና ከዚያ በላይ ውጤት ይፈልጋሉ፣ ዓመታት የቆየ ኮርስ ይጥላሉ። እንደ ክሌፕ ያሉ በፈተና ብቻ ክሬዲት የሚያስገኙ ርካሽ ፈተናዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የተዘጋጁ ናቸውና በእነሱ ኤምቢኤ አሳጥራለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

አገር ቤት አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ግን ሳትጠይቁ የሚቀርባችሁ ነገር አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ የማስተርስ ክሬዲት አይሆንም። ሆኖም አንዳንድ ፕሮግራሞች መሠረታዊ ኮርሶችን ቀድሞ ለተማረ ሰው ያስቀሩለታል። ትራንስክሪፕታችሁን ኮርስ በኮርስ አስገምግሙና «የትኞቹ ይቀሩልኛል?» ብላችሁ ሬጅስትራሩን በኢሜይል ጠይቁ። እያንዳንዱ ኮርስ በስሙ ያልተጠራበት መልስ መልስ አይደለም።

ሒሳቡንም ሥሩት። ጠቅላላ ዋጋው 60,000 ዶላር፣ ክሬዲቱ 48 የሆነ ፕሮግራም 12ቱን ቢይዝላችሁ እንኳ 45,000 ትከፍላላችሁ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ኦንላይን ኤምቢኤ በ2020 ሲጀመር ጠቅላላ ክፍያው 24,000 ነበር፤ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው በ2016 የተጀመረው በ22,000 ገደማ ነው። ዋጋ ይጨምራልና የዛሬውን አረጋግጡ፤ ግን አንድም ክሬዲት ሳይያዝላችሁ ከመጀመሪያው የሚረክስ ሊኖር እንደሚችል እዩት። ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ በየስድስት ወሩ ቁርጥ ክፍያ ስለሚያስከፍል ለፈጣን ተማሪ ይቀላል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የትምህርት ክፍያ ባይጠይቅም በየኮርሱ የምዘና ክፍያ አለው። አሠሪያችሁንም ጠይቁ፤ ለትምህርት የሚሰጣችሁ እስከ 5,250 ዶላር በዓመት ከግብር ነፃ ነው።

«የሕይወት ልምድህን በዲግሪ» የሚላችሁን ግን ሽሹ። በ2015 ኒውዮርክ ታይምስ ያጋለጠው የካራቺው አግዛክት በድረ ገጽ ብቻ የሚኖሩ ዩኒቨርሲቲዎች ፈጥሮ ዲግሪ ሲቸበችብ ነበር፤ በገልፍ አገሮችም ገዢዎች ነበሩት። የሌለ ዩኒቨርሲቲ የፈጠረ ሰው የሌለ ዕውቅና ሰጪ መፍጠር አይቸግረውም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን ዕውቅና የሰጠውንም አካል በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ፈልጉ። አገር ቤት ለመመለስ የምታስቡ ደግሞ የአቻ ግምቱን ጉዳይ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በብድር ለመማር ካሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ በ2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የተባለውን ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች አስቀርቷል። ለማስተርስ ተማሪ የሚቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ወደ ግል አበዳሪ ይመራችኋል፤ አበዳሪው ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም የእኅታችሁ ባል ወይም የማኅበር ጓደኛችሁ ይሆናል። እናንተ መክፈል ሲያቅታችሁ ዕዳው ለእሱ ነው። ማንንም ዋስ ከመጠየቃችሁ በፊት የሬጅስትራሩ መልስ በእጃችሁ ይግባ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ውላችሁን አውጡና ገንዘብ የሚመለስበትን የመጨረሻ ቀን ዛሬውኑ አንብቡ። ያ ቀን ክፍል ከተጀመረ በኋላ ቶሎ ያልፋል። ለመውጣት ከወሰናችሁም በጽሑፍ አሳውቁ፤ ክፍል መግባት ማቆም ብቻውን ከምዝገባ አያስወጣችሁም።