ኮምፒውተሩ መድኃኒት አላገኘም

«ኮምፒውተር የቫይረስ መድኃኒት አገኘ» የሚል ርዕስ ባየን ቁጥር እንናደዳለን። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ እንዲህ ዓይነት ርዕስ እንዴት እንደሚጋገር ስለምናውቅ ይሆናል።

የኢንፍሉዌንዛን ነገር እንውሰድ። ቫይረሱ ከያዘው ሴል ተላቆ ለመውጣት ኒውራሚኒዴዝ በሚባል ፕሮቲን ይጠቀማል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የፕሮቲኑን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1983 አወቁ። ቅርጹን ኮምፒውተር ላይ አድርገው፣ ጎድጓዳው ውስጥ ምን ቢገባ አጥብቆ እንደሚይዝ አሰሉ። ቀድሞ ከሚታወቅ ሞለኪውል ላይ አንዷን ጫፍ ቀየሩና ዛናሚቪር ተወለደ። ድንቅ ነው፣ አንክድም። ግን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ያውም የመድኃኒት ተቆጣጣሪው አማካሪ ኮሚቴ 13 ለ4 ተቃውሞት። ስክሪን ላይ ልክክ ያለው ሞለኪውል ሲዋጥ ደግሞ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ስለዚህ በአፍ የሚሳብ ዱቄት ሆነ። ገበያውን የሚዋጠው ታሚፍሉ ወሰደበት።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ኮምፒውተር «ይሠራል» ያለው ነባር መድኃኒት ሁሉ ዜና ሆነ። አብዛኛው የትም አልደረሰም።

«ታዲያ ተስፋ መስጠት ምን ክፋት አለው?» ይሉናል ወዳጆቻችን። ቤቱ በሽተኛ ያስተኛ ሰው ርዕሱን አንብቦ በነጋታው ፋርማሲ ይሄዳል፤ ክፋቱ ይሄ ነው። ቢያንስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ሰው ላይ ገና አልተሞከረም»። ርዕሱ ላይ ካልበቃት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ትግባ።